ጨጓራን ሁለተኛ ጊዜ ማን ይንካው?

እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካ ውስጥ ወደ 158 ሺህ የሚጠጉ የክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምናዎች ተደርገዋል። ከነዚህ ውስጥ ቀድሞ የተሠራውን ለማረም ወይም ወደ ሌላ ዓይነት ለመለወጥ የተደረጉት ከመቶ 6 ነበሩ። በ2019 ጠቅላላው ቁጥር ወደ 256 ሺህ ሲያድግ የድጋሚዎቹ ድርሻ ከመቶ 17 ገደማ ደረሰ። ግምቱ የአገሪቱ የሜታቦሊክና የባሪያትሪክ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር ነው። በስምንት ዓመት ውስጥ ከዐሥራ ሰባት ታካሚ አንዱ የነበረው ከስድስት አንዱ ሆነ ማለት ነው።

እነዚህ ሰዎች አንድ ጊዜ ደፍረው ጨጓራቸውን ያስነኩ ናቸው። ለመጀመሪያው ኦፕራሲዮን ወራት ተዘጋጅተው፣ ከኢንሹራንስ ጋር ተሟግተው፣ አንዳንዶቹም ጥሪታቸውን አራግፈው ነው የገቡት። አሁን ሁለተኛ ሐኪም ይፈልጋሉ። የሚሰጣቸው ምክር አብዛኛውን ጊዜ «ልምድ ያለው ፈልጉ» ከሚል አያልፍም። ልምድ በምን ይታወቃል? ከእጁ ብልሃት በፊትስ ምኑ ይታይ? አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ለድጋሚ ቀዶ ሕክምና የሚመረጠው ሐኪም አስቀድሞ መርማሪ መሆን አለበት። የመጀመሪያው ለምን እንዳልያዘ ሳያጣራ ለሁለተኛው ቀጠሮ የሚቆርጥ ሐኪም፣ እጁ የቱንም ያህል የሠለጠነ ቢሆን፣ አይመረጥም።

ድጋሚ ፈላጊው እንዲህ የበዛበት አንዱ ምክንያት ባንድ ነው። ባንድ በጨጓራ አናት ዙሪያ የሚታሰር የሲሊኮን ቀለበት ነው፤ ከቆዳ ሥር በተቀበረ ትንሽ መክፈቻ በኩል ጨዋማ ውኃ ሲጨመርበት ይጠብቃል፣ ሲቀነስለት ይላላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2001 ፈቀደው። ጨጓራ አይቆረጥም፣ አንጀት አይነካም፣ ካልተስማማም ይወጣል ስለተባለ ሰው ወደደው፤ በ2011 ከሦስት ኦፕራሲዮን ከአንድ በላይ የሚሆነው ባንድ ነበር። በ2019 ከመቶ አንዱን እንኳ አልሞላም። ምን እንደሆነ ያመለከተው በቤልጅየም በዣክ ሂምፐንስና በባልደረቦቹ ተጠንቶ በ2011 የወጣው ጽሑፍ ነው። ባንድ ካስገቡ 12 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን 82 ሰዎች አገኟቸው፤ ከመቶ 60ዎቹ እንደገና ተቀደዋል፣ ከመቶ 28ቱ ላይ ቀለበቱ የጨጓራውን ግድግዳ በልቶ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ግማሽ ከሚጠጉት ላይ ደግሞ ወጥቷል። በ2017 የታተመ ሌላ ጥናት ሜዲኬር በሚባለው የመንግሥት ኢንሹራንስ ተሸፍነው ከ2006 እስከ 2013 ባንድ ያስገቡ ከ25 ሺህ በላይ አሜሪካውያንን ተከታተለ። ከመቶ 18.5 የሚሆኑት እንደገና ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገቡ፤ የተመለሱትም በአማካይ ወደ አራት ጊዜ ያህል ነው የተሠሩት። መንግሥት ለዚህ መሣሪያ ከከፈለው 470 ሚሊዮን ዶላር ግማሽ ሊሞላ ምንም ያልቀረው ለድጋሚ ሥራ የወጣ ነበር።

ባንድ ሲወድቅ ስሊቭ ተነሣ። በስሊቭ ከጨጓራው ከመቶ 75 እስከ 80 የሚሆነው ተቆርጦ ይወጣል፤ የሚቀረው እንደ ሙዝ የቀጠነ ቱቦ ነው። ሥራው ከባይፓስ (ጨጓራን አሳንሶ ከታችኛው አንጀት ጋር ከሚያገናኘው ቀዶ ሕክምና) ያጥራል፣ አንጀትም አይቀየርም። ዋና ጣጣው ቃር ነው። ፊንላንዳውያን 240 ሰዎችን በዕጣ ከፍለው ግማሹን በስሊቭ፣ ግማሹን በባይፓስ አክመው ዐሥር ዓመት ጠበቁ። ውጤቱ በ2022 ሲወጣ የምግብ ቧንቧቸው የተቃጠለባቸው ከስሊቮቹ ከመቶ 31፣ ከባይፓሶቹ ከመቶ 7 ነበሩ። ዛሬ ለድጋሚ ከሚመጡት ብዙዎቹ እነዚህ የስሊቭ ሰዎች ናቸው፤ ሌሊት በሁለት ትራስ ተደግፈው የሚተኙ፣ የቃር ክኒን ካልዋጡ የማያድሩ፣ ወይም ከሦስትና አራት ዓመት በኋላ ክብደቱ የተመለሰባቸው። ባይፓስም የራሱ ጣጣ አለው፦ በመገጣጠሚያው ላይ የሚወጣ ቁስል፣ በአንጀት መካከል የሚፈጠር ውስጣዊ ሄርኒያ፣ ከምግብ በኋላ በድንገት የሚወርድ ስኳር።

እዚህ ላይ ስለ ሐፍረት መናገር ግድ ነው፤ ምርጫውን ከሁሉ በላይ የሚያበላሸው እሱ ነውና። በእኛ ማኅበረሰብ፣ በዋሽንግተን ዙሪያም ሆነ በአዲስ አበባ፣ የክብደት ቀዶ ሕክምና በቤት ውስጥ የሚቀበር ገመና ነው። ያደረገችው ሴት «ሐሞት ጠጠር ነበረብኝ» ትላለች። ክብደቱ ሲመለስ ደግሞ «ተቀዳ እንኳ ምግብ አልተወችም» ይባላል። ይህ ፍርድ ከሳይንሱ ጋር አይገናኝም። ሰውነት ክብደት ሲያጣ የረሃብ ሆርሞኖቹን ያነሣል፣ የሚያቃጥለውንም ኃይል ይቀንሳል፤ ያጣውን ለመመለስ ለዓመታት ይታገላል። ውፍረት ከዓመት ዓመት አብሮ የሚኖር በሽታ ነው፤ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግፊቱ ቢመለስበት ማንም እንደማይሰድበው ሁሉ ይህም አይሰደብም። ሐፍረቱ ግን ሰውን ያጣድፋል። ለማንም ሳትናገር፣ ሪፖርቷን ሳትይዝ፣ ወደ መጀመሪያው ሐኪሟም ለመመለስ አፍራ፣ ቀን ቶሎ ለሚሰጣት ሐኪም እጇን ትሰጣለች። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ መታየት ያለበት ነገር የሐኪሙ አነጋገር ነው። «ምን እየበላሽ ነው እንዲህ የሆንሽው?» ብሎ የሚጀምርና «ከመጀመሪያው ጀምሮ የሆነውን ንገሪኝ» ብሎ የሚጀምር ሐኪም አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ጥፋተኛ ፍለጋ ወጥቷል፤ ሁለተኛው ምክንያት ይፈልጋል።

ምክንያት ፍለጋ ከወረቀት ይጀምራል። እያንዳንዱ ቀዶ ሐኪም ሥራውን ሲጨርስ የኦፕራሲዮን ሪፖርት ይጽፋል፤ ሁለት ወይም ሦስት ገጽ ነው። በአሜሪካ ሕግ ታካሚው የራሱን መዝገብ ጠይቆ የመውሰድ መብት አለው፤ ተቋሙም በመሠረቱ በ30 ቀን ውስጥ መስጠት ይገባዋል። ለማያውቀው ሰው ደረቅ የሚመስለው ይህ ወረቀት ለሁለተኛው ሐኪም ብዙ ይነግረዋል። ስሊቭ ከሆነ፣ ሲቆረጥ ልክ እንዲሆን ወደ ጨጓራ የገባው ቱቦ ውፍረት ተጽፏል፤ መለኪያው ፈረንሳይ ይባላል፣ 36 ፈረንሳይ ማለት 12 ሚሊሜትር ነው። መቁረጥ የተጀመረው ከጨጓራው መውጫ በስንት ሴንቲሜትር ርቀት እንደሆነም ይገኛል። ጨጓራ ወደ ደረት የሚሾልክበት ሄርኒያ ታይቶ እንደሆነ፣ ከታየስ ተሰፍቶ እንደሆነ ሪፖርቱ ይናገራል። ዛሬ በቃር የምትሰቃይ ሴት ያኔ «ትንሽ ሄርኒያ ታይቷል፣ አልተጠገነም» ተብሎ ተጽፎ ከተገኘ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ባይፓስ ከሆነ የቀረችው የጨጓራ ከረጢት መጠን፣ የአንጀቱ ሁለት ክንዶች ርዝመት በሴንቲሜትር፣ በአንጀት መጋረጃ ላይ የተከፈቱት ቀዳዳዎች ተሰፍተው ወይም ሳይሰፉ መቅረታቸው ይገኛል። ይህን ሪፖርት ሳይጠይቅ፣ ቢጠፋ እንኳ ለማግኘት ሳይሞክር ወደ ሥራ የሚሄድ ሐኪም ካለ ሌላ መፈለግ ነው።

ከወረቀቱ በኋላ ዓይን ይመጣል። በአፍ በሚገባ ካሜራ ጨጓራን የሚያሳይ ኢንዶስኮፒ፣ ባሪየም እየተዋጠ የሚነሣ ራጅ፣ እንደ ሁኔታው ሲቲ ስካን፣ ቃር ካለ ደግሞ አሲዱን ለ24 ሰዓት የሚለካ ምርመራ። ብዙ የድጋሚ ሥራ የሚሠሩ ቀዶ ሐኪሞች ኢንዶስኮፒውን ራሳቸው ማድረግ ይመርጣሉ፤ ምክንያት አላቸው። የተቀደደ ጨጓራ አዘውትሮ ያላየ ባለሙያ «ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚጠበቅ መልክ» ብሎ የሚያልፈውን፣ እነሱ የስሊቩ መካከል ተጣሞ መጥበቡን ወይም አናቱ ላይ ሳይቆረጥ የቀረ ከረጢት መኖሩን ያያሉ። ደሙም ይመረመራል፦ ብረት፣ ቢ12፣ ቫይታሚን ዲ፣ ፕሮቲን። በምግብ እጥረት ላይ ያለ ሰውነት አዲስ ስፌት አይይዝለትምና መጀመሪያ መገንባት አለበት።

ይህ ሁሉ የሚያስፈልገው «ድጋሚ» የሚባለው ነገር አንድ ሥራ ስላልሆነ ነው። በስሊቭ ቃር ለተቃጠለ ሰው የተለመደው መፍትሔ ወደ ባይፓስ መለወጥ ነው፤ ቃሩ ብዙ ጊዜ ይሻለዋል፣ ክብደቱ ግን የታሰበውን ያህል ላይወርድ ይችላል፤ ይህን ቀድሞ የሚናገር ሐኪም እውነተኛ ነው። ቃር የሌለበትና ክብደቱ የተመለሰበት ሰው ወደ ዱዎዲናል ስዊች፣ ወይም ስፔናውያኑ ሳንቼዝ ፔርናውቴና ቶሬስ በ2007 ወደ ጀመሩት ሳዲ ሊመራ ይችላል፤ ሁለቱም ምግብ የሚያልፍበትን አንጀት በጣም የሚያሳጥሩ ሥራዎች ናቸው። እነዚህ ክብደትን በኃይል ያወርዳሉ፤ ዋጋቸው ደግሞ ለዕድሜ ልክ የሚያስፈራ የፕሮቲንና የቫይታሚን እጥረት ነው፣ ቃርንም ላያጠፉ ይችላሉ። የባይፓስ መገጣጠሚያው ለሰፋበት ሰው ሆዱ ሳይቀደድ በኢንዶስኮፒ ማጥበብ ይቻላል፤ ለዚህ የተሠራው የስፌት መሣሪያ በ2022 በአሜሪካ ተፈቅዷል። አንጀቱን የበለጠ አሳጥሮ ምግብ እንዳይመጠጥ ማድረግም አለ፤ ይህ ግን ሰውን ወደ ከባድ የምግብ እጥረት ሊጥል ስለሚችል በጥንቃቄ የሚነካ ነው። ከነዚህ ውስጥ አንዱን ብቻ የሚያውቅ ሐኪም ለሁሉም ሰው ያንኑ ይመክራል። የመጣው ሁሉ ስሊቭ ወደ ባይፓስ ነው፣ ወይም ሁሉም ሳዲ ነው የሚል ክሊኒክ ሲገጥም ሁለተኛ አስተያየት መጠየቅ ያስፈልጋል።

«ምንም አንቆርጥም» የሚለውም መልስ ከነዚህ ምርጫዎች አንዱ ነው። ከ2021 ወዲህ ሴማግሉታይድ፣ ከ2023 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ቲርዜፓታይድ ለክብደት መቀነሻነት በአሜሪካ ተፈቅደዋል። እንግሊዝ ውስጥ ተሠርቶ በ2023 በወጣ ጥናት፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ በቂ ክብደት ላልቀነሱ ሰዎች የተሰጠው ሊራግሉታይድ፣ ከነዚህ ቀደም ያለውና ደካማው መድኃኒት፣ በ24 ሳምንት ከክብደታቸው ከመቶ 9 የሚጠጋውን አውርዶላቸዋል፤ የማስመሰያ መርፌ የወሰዱት ላይ ለውጡ ከመቶ አንድ አልደረሰም። የአካል ችግር የሌለበት፣ ክብደቱ ብቻ የተመለሰበት ሰው ከሁለተኛ ቢላ በፊት ይህን መሞከሩ ተገቢ ነው። ስለ መድኃኒቱ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ወደ ቀዶ ሕክምና የሚወስድ ሐኪም ግማሹን ነገር ደብቋል።

አሁን ወደ እጁ እንመለስ። ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ለምን ከመጀመሪያው ይከብዳል? ሐኪሙ ካሜራውን በሆድ ውስጥ ሲያስገባ የሚያየው የተፈጥሮ ሆድ አይደለም። ጉበት በጠባሳ ከጨጓራው ጋር ተጣብቋል፤ በፊት በቀላሉ የሚለዩት ንብርብሮች አንድ ላይ ደርቀዋል። ጨጓራውን ይመግቡ ከነበሩት የደም ሥሮች የተወሰኑት በመጀመሪያው ሥራ ተቆርጠው ሄደዋል፤ የቀረውን ዋና ሥር ሳያውቅ ቢነካ ቀሪው ጨጓራ ይሞታል። ባንድ የነበረበት ቦታ ላይ የሲሊኮኑን ቅርጽ ይዞ የቀረ ጠንካራ የጠባሳ ቀለበት አለ፤ ያ ሳይፈታ ስቴፕል (ሥጋን የሚያያይዘው የብረት ስፌት) ቢመታበት ጥርሶቹ በወፍራሙ ሥጋ ውስጥ በወጉ አይዘጉም፣ ከዚያም ስፌቱ ያፈሳል። ለዚህ ነው አንዳንድ ሐኪሞች ባንዱን አውጥተው ጨጓራው እስኪረጋ ሁለት ሦስት ወር ጠብቀው በሌላ ቀዶ ሕክምና የሚለውጡት፤ ሌሎች ደግሞ በአንድ ቀን ይጨርሱታል። ሁለቱም መንገድ ተቀባይነት አለው። ሐኪሙ ገብቶ ሲያይ ሥጋው መጥፎ ሆኖ ቢያገኘው ያሰበውን ትቶ ለመውጣት ዝግጁ ነውን? ይህ ከመተኛት በፊት በግልጽ ሊጠየቅ ይገባል። «ከገባሁ ሳልጨርስ አልወጣም» የሚል ሐኪም ያስፈራኛል።

የእጅ ብልሃት ልዩነት ከወሬ ያለፈ መሆኑን ያሳየው ሚሺጋን ውስጥ የተሠራ ጥናት ነው። ጆን በርክማየርና ባልደረቦቹ 20 ቀዶ ሐኪሞች እያንዳንዳቸው አንድ የላፓራስኮፒ ባይፓስ ቪዲዮ እንዲያቀርቡ ጠየቁ። ቪዲዮውን የእነማን እንደሆነ የማያውቁ ቢያንስ ዐሥር የሙያ ጓደኞች ከ1 እስከ 5 ነጥብ ሰጡበት። ዝቅተኛው 2.6፣ ከፍተኛው 4.8 ሆነ። ከዚያ ነጥቡን ከታካሚዎቻቸው ዕጣ ጋር አስተያዩት። ከታች ባለው ሩብ ውስጥ ያሉት ሐኪሞች ታካሚዎች ላይ ችግር የደረሰው ከመቶ 14.5፣ ከላይ ባለው ሩብ ግን ከመቶ 5.2 ነበር። ሞትም ከታች ባሉት ከሺህ 2.6፣ ከላይ ባሉት ከሺህ 0.5 ሆነ። ጥናቱ በ2013 ሲወጣ ብዙ ተወራለት። ሁሉም ግድግዳቸው ላይ ተመሳሳይ ዲፕሎማ የተሰቀለ ሐኪሞች ነበሩ። የተሠራው በመጀመሪያ ደረጃ ባይፓስ ላይ ነው፤ ጠባሳ በሞላበት ሆድ ላይ ልዩነቱ ይጠባል ብሎ ማመን ይከብደኛል።

ታካሚ ይህን ቪዲዮ አያይም። ጥያቄ ግን ይጠይቃል፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ችግሩ እዚህ ነው። ሐኪም አይጠየቅም ተብለን ነው ያደግነው፤ «እርስዎ ያውቃሉ» ብለን ፈርመን እንወጣለን። በዚህ ነገር ላይ ግን መጠየቅ ክብር መንፈግ አይደለም። «ዶክተር፣ ባለፈው ዓመት ይህንኑ ከስሊቭ ወደ ባይፓስ የመለወጥ ሥራ ስንት ጊዜ ሠርተዋል?» ብሎ መጠየቅ ጨዋነት ነው። ጥያቄው «ስንት ኦፕራሲዮን ሠርተዋል» ከሚለው ይለያል፤ ሦስት ሺህ ስሊቭ የሠራ ሐኪም ድጋሚ የሠራው ሃያ ብቻ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ፦ «ከነዚህ ውስጥ ስፌቱ ያፈሰሰባቸው ስንት ናቸው? ምን አደረጉላቸው?» ጥሩ ሐኪም ይህን ሲጠየቅ አይቆጣም፤ ቁጥሩን ያውቀዋል፣ ያስጨነቁትንም ታካሚዎች ያስታውሳል። «በእኔ እጅ አፍስሶ አያውቅም» የሚለው ብዙ አልሠራም፣ ወይም ታካሚዎቹን አልተከታተለም።

ሆስፒታሉም ይመረመራል። ስፌት የሚያፈስሰው ብዙ ጊዜ ታካሚው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው፤ ትኩሳት፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ወደ ግራ ትከሻ የሚወጣ ሕመም። በዚያ ሌሊት የድንገተኛ ክፍሉ ማንን ይጠራል? መግል በራጅ እየታየ በመርፌ የሚያወጣ ባለሙያ አለ? በኢንዶስኮፒ ቱቦ አስገብቶ የሚዘጋ አለ? ጽኑ ሕሙማን ክፍልስ? እነዚህ በሌሉበት ትንሽ የቀን ክሊኒክ ውስጥ ድጋሚ ቀዶ ሕክምና ማድረግ አይገባም። በአሜሪካ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅና የባሪያትሪክ ማኅበሩ በ2012 ያዋሐዱት፣ በምሕጻሩ ኤም ቢ ኤስ ኤ ኪው አይ ፒ የሚባል የእውቅና መርሐ ግብር አለ፤ ሙሉ ማዕከል ለመባል በዓመት ቢያንስ 50 ስቴፕል ያለባቸው ሥራዎች ይጠይቃል፣ ውጤታቸውንም እንዲመዘግቡ ያስገድዳል። ማንም ሰው የሆስፒታሉን ስም በኢንተርኔት መዝገቡ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ይችላል። ደረጃዎቹ ግን አንድ አይደሉምና ሙሉ ማዕከል መሆኑን ማየት ይበጃል። የሐኪሙ ፈቃድና የቅጣት ታሪክ በየግዛቱ የሕክምና ቦርድ ይገኛል። ወገኖቻችን በብዛት በሚኖሩባት በቨርጂኒያ የሐኪሙ መዝገብ ለታካሚ የተከፈለ የካሣ ክስ ካለም ይጨምራል። ይህ ሁሉ መጥፎውን ለማስቀረት ይረዳል፤ ጥሩውን ግን አይመርጥም።

ኢንሹራንስ ምርጫውን ያጠባል። አንዳንድ ውሎች የክብደት ቀዶ ሕክምናን በዕድሜ አንድ ጊዜ ብቻ ይሸፍናሉ። ለቃር፣ ለቁስል ወይም ለተንሸራተተ ባንድ የሚጠየቅ ድጋሚ ከ«ክብደቱ ተመለሰ» ይልቅ በቀላሉ ይፈቀዳል፤ ለዚህም ነው የኢንዶስኮፒው ውጤት በፋይሉ ውስጥ መኖሩ ከሕክምናም በላይ የሚጠቅመው። ድጋሚ ሥራ የለመደ ክሊኒክ ይግባኝ የሚጽፍ ሰው አለው።

ኢንሹራንሱ እንቢ ሲል ብዙው ሰው አውሮፕላን ይሳፈራል። ከአሜሪካ ወደ ሜክሲኮዋ ቲኋና፣ ከአውሮፓና ከአዲስ አበባ ወደ ኢስታንቡል። በውጭ አገር ጥሩ ሐኪም የለም ማለት ውሸት ነው፤ ዛሬ ዓለም የሚሠራባቸው ብዙዎቹ ዘዴዎች ከአሜሪካ ውጭ የተፈጠሩ ናቸው። ችግሩ የሚመጣው ከተመለሱ በኋላ ነው። በ2019 መጀመሪያ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ቲኋና ውስጥ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ አሜሪካውያን፣ አብዛኞቹም ለክብደት የሄዱ፣ ለመድኃኒት የማይበገር ሱዶሞናስ የሚባል ጀርም ይዘው መመለሳቸውን አስታውቆ ነበር። በ2023 መጀመሪያ ደግሞ ቱርክ ውስጥ ለክብደት መቀነሻ በጨጓራቸው ቦቶክስ የተወጉ ሰዎች ወደ ጀርመንና ወደ ሌሎች አገሮች ሲመለሱ ቦቱሊዝም ይዟቸው ተገኝተዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ይህን አደጋ መዝኖ ሊወስን ይችላል። ለድጋሚ ግን የመጀመሪያ ሳምንታት ክትትል ከሥራው እኩል ስለሚከብድ፣ በአምስተኛው ቀን አውሮፕላን ላይ የሚያስቀምጥ ጥቅል ዋጋ መቀበል አይገባም፤ ስፌቱ ገና ሊያፈስስ ይችላል፣ ረጅም በረራም ደምን በእግር ውስጥ ያረጋል። ስለ ሆቴሉ ግርማና ስለ ተቀባዩ መኪና ብዙ ከሚያወራ፣ የሐኪሙን ስም ግን ከክፍያ በኋላ ከሚገልጽ ድርጅት ጋር ንግግር መቀጠል አያስፈልግም። ሆስፒታሉ የተሰጠው ዓለም አቀፍ እውቅናም የሆስፒታሉን እንጂ የቢላዋውን ባለቤት አይመሰክርም።

ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ ሰው ተጨማሪ ነገር ማሰብ አለበት። ባይፓስ ካደረገ ከሁለት ዓመት በኋላ ሆዱን ቁርጠት ይዞት ድንገተኛ ክፍል የሚገባ ታካሚ ውስጣዊ ሄርኒያ ይዞት ሊሆን ይችላል፤ የአንጀቱን አዲስ መንገድ የማያውቅ ሐኪም ሰዓታት ያጠፋል፣ አንጀቱም እስከዚያ ይሞታል። ለሳምንታት ያስታወከ ታካሚ ደግሞ ቫይታሚን ቢ1 ሳይሰጠው ግሉኮስ ቢተከልለት አንጎሉ ሊጎዳ ይችላል። የተሠራው ነገር ሥዕልና የሐኪሙ ስልክ ያለበት አንድ ገጽ በቦርሳ ውስጥ መኖር አለበት፤ ያንን ገጽ ሳይጠየቅ የሚሰጥ ቀዶ ሐኪም ለታካሚው የሚያስብ ነው።

እስራኤል ውስጥ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። አገሪቱ ከሕዝቧ ብዛት አንጻር ብዙ የክብደት ቀዶ ሕክምና ከሚደረግባቸው አንዷ ናት፤ ከ2013 ጀምሮም ብሔራዊ መዝገብ አላት። በ1996 የወጣው የታካሚ መብት ሕግ ሁለተኛ አስተያየት የመጠየቅ መብት ይሰጣል። ከኢትዮጵያ የሄዱ አማርኛ ተናጋሪ እናቶች ግን ይህን መብት በልጃቸው አፍ መጠየቅ የለባቸውም። በአሜሪካም የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ ግዴታው ነው። ልጅ ለእናቱ «ስፌቱ ሊያፈስስ ይችላል፣ ልትሞቺ ትችያለሽ» የሚለውን አይተረጉምም፤ ይዘለዋል። አስተርጓሚ ሳይጠራ የሚያስፈርም ክሊኒክ ፈቃድ አልወሰደም።

በመጨረሻ ከሐኪሙ ጀርባ ያለው ቡድን። የምግብ ባለሙያዋ ስለ ጾም ጠይቃለች? ከድጋሚ ባይፓስ ወይም ከሳዲ በኋላ ቢያንስ በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን ይፈለጋል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከወተት ተከልክሎ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይጠጣ፣ በጥቂት ማንኪያ ሽሮና ምስር ይህን መሙላት የማይታሰብ ነው፤ ቢ12 ደግሞ በእነዚህ ውስጥ የለም። በረመዳን ለሚጾመውም ያው ነው። የንስሐ አባትን አማክሮ ጾሙን ማላላት ብዙ ጊዜ ይቻላል፤ ግን ባለሙያዋ ካልጠየቀች ታካሚዋ አትናገርም። ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ፣ በአገራችን በስፋት የሚገኘው የጨጓራ ጀርም፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ተመርምሮ መታከም አለበት። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን፣ ለራስ ምታትም ለወገብም ከፋርማሲ እንደ ከረሜላ የሚገዙት፣ በባይፓስ መገጣጠሚያ ላይ ቁስል ያወጣሉ። ክሊኒኩ ታካሚው ከአገር ቤት የሚላክለትን መድኃኒት ስም በስም ጽፎ መያዝ፣ ደሙንም በየዓመቱ ማየት አለበት፤ ይህን ክትትል ለስንት ዓመት እንደሚያደርግ ከመፈረም በፊት መጠየቅ ይገባል። «ለዕድሜ ልክ» የሚል ክሊኒክ ካለ፣ የሦስት ዓመት ታካሚዎቹ ስንቱ ዛሬም እንደሚመጡ መጠየቅ ይቻላል።